«እግዚአብሔር ነገረኝ» ከማለታችሁ በፊት

አንድ ማክሰኞ ማታ፣ በጸሎት ኅብረታችን ላይ፣ ለጓደኛዬ «አባትሽ አይሞትም ይላል ጌታ» አልኳት። እጄ ትከሻዋ ላይ ነበር። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ክፍሉ በሙሉ «አሜን» አለ። እሷ አለቀሰች። ለሳምንታት አምቃው የነበረው ጭንቀት ነው የወጣላት።

በ19ኛው ቀን አባቷ አረፉ።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሞቱ አይደለም። ሰው ይሞታል። የሚከነክነኝ ወንድሟ ነው። ሩቅ አገር ነበር የሚኖረው። በዚያ ሰሞን ትኬት አስይዞ «ልምጣ እንዴ?» ብሎ ደውሎላት ነበር። «አትቸገር፣ አይሞትም ተብሏል» አለችው። ቀረ። አባቱን በቁም ሳያያቸው ተቀበሩ። «ተብሏል» ያለችው እኔ ያልኩትን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ማንም ላይ እጄን ጭኜ አልጸለይኩም። ጸልዪልኝ የሚለኝ ሲመጣ ጉሮሮዬን አሞኛል እል ነበር። ስመለስ ግን አንድ ሥርዓት ይዤ ተመለስኩ። ብዙ ነገር አይፈልግም። ደብተር፣ መጽሐፍ ቅዱስና ፊት ለፊት «ተሳስተሻል» የሚሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ይበቁታል። እኔ እግዚአብሔር ዛሬም ይናገራል ብዬ አምናለሁ። እናንተ ይህን ባታምኑም አንብቡት። «ነገረኝ» የሚል ሰው አንድ ቀን በራችሁን ማንኳኳቱ አይቀርም።

ሚዛኑና የሚመዘነው

መጀመሪያ ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛው ለሁሉም ሰው፣ ለዘመን ሁሉ የተሰጠው ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ። ሌላው ለአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ጉዳይ መጣ የሚባለው ነው። ሕልም፣ ራእይ፣ የትንቢት ቃል፣ «በልቤ እንዲህ ተባልኩ» የሚባለው ሁሉ እዚህ ይገባል። የመጀመሪያው ሚዛን ነው። ሁለተኛው የሚመዘን ዕቃ ነው። ዕቃው ወርቅም ሊሆን ይችላል። ወርቅም ቢሆን ግን ሚዛን ላይ ይወጣል።

አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጨቃጭቀዋል። ጭቅጭቁ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የሚለያዩት በአብዛኛው «እግዚአብሔር ዛሬም እንዲህ ይናገራል ወይ?» በሚለው ላይ ነው። «ተናገረ የተባለው ቃል ከመጽሐፍ ጋር እኩል ይቀመጣል ወይ?» ሲባል ግን መልሳቸው ይቀራረባል።

ካቶሊኮችን ውሰዱ። መጽሐፍን ከትውፊት ጋር አብረው ይይዛሉ። የግል መገለጥን ግን ከሁለቱም በታች ነው ያስቀመጡት። በ1992 የወጣው ትምህርተ ክርስቶሳቸው (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በቁጥር 67 ላይ ይህን በግልጽ ይላል። ቤተ ክርስቲያን የተቀበለችው የግል መገለጥ እንኳ የእምነቱ መዝገብ አካል አይደለም። ሥራው የክርስቶስን መገለጥ ማሟላት ሳይሆን፣ የአንድ ዘመን ሰዎች በዚያ መገለጥ አጥብቀው እንዲኖሩ ማገዝ ነው። በፈረንሳይ በሉርድ ከተማ በ1858 ማርያም ለ14 ዓመቷ በርናዴት 18 ጊዜ ተገለጠች ሲባል፣ የአካባቢው ጳጳስ ፍርዳቸውን የሰጡት በ1862 ነው። በሜይ 2024 ቫቲካን ባወጣው አዲስ ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ተመርምሮ ከስድስት ዓይነት ውሳኔዎች አንዱ ይሰጠዋል። ከሁሉ የተሻለው ውሳኔ «የሚከለክል ነገር አልተገኘም» የሚል ነው። ልብ በሉ፣ «ከሰማይ ነው» አይልም። እኔ ካቶሊክ አይደለሁም። ይህን ሳነብ ግን አፈርኩ። እነሱ ዓመታት የሚፈጅባቸውን እኔ በአርባ ሰከንድ ጨርሼዋለሁ።

በኦርቶዶክሱ ዓለም ደግሞ የበረሃ አባቶች ታሪክ አለ። ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ ወደ አንድ መነኩሴ መጣ። «ገብርኤል ነኝ፤ ወደ አንተ ተልኬ ነው» አለው። መነኩሴው «እስቲ አጣራ፤ ወደ ሌላ ሰው ተልከህ ይሆናል፤ እኔ መልአክ ሊላክልኝ የሚገባ ሰው አይደለሁም» ብሎ መለሰለት። ሰይጣኑ ጠፋ። ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላውቅም። መነኩሴው አልተከራከረም፣ አልገሠጸም። የተላከልኝ ሰው ነኝ የሚለውን ሐሳብ ነው ያልተቀበለው።

በፕሮቴስታንቱ በኩል በ1646 የተጻፈው የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫ ጥርት አድርጎታል። ለመዳንና ለሕይወት የሚያስፈልገው ሁሉ በመጽሐፍ አለ፤ በአዲስ የመንፈስ መገለጥም ሆነ በሰው ወግ ምንም አይጨመርበትም። ከዚህ ተነሥተው ትንቢት ከሐዋርያት ጋር አብቅቷል የሚሉ አሉ። ጴንጤቆስጤዎችና ካሪዝማቲኮች አላበቃም ይላሉ፤ ጠንቃቆቻቸው ግን 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29ን አይለቁም። ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፣ ሌሎችም ይለዩአቸው ይላል። ትንቢቱ ከመጽሐፍ እኩል ቢሆን ኖሮ ማን ይለየው ነበር?

ለየት የሚሉት ኩዌከሮች ናቸው፤ በእንግሊዝ የተነሡ፣ የመንፈስን የውስጥ ብርሃን የሚያስቀድሙ ክርስቲያኖች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃቸው ሮበርት ባርክሌይ መጽሐፍ የምንጩ መግለጫ እንጂ ምንጩ ራሱ አይደለም ብሎ ጽፏል። ምንጩ መንፈስ ነው ማለቱ ነው። እሱም ቢሆን ግን እውነተኛ የውስጥ መገለጥ ከመጽሐፍ ጋር አይጋጭም ብሏል።

መስመሩን የሚያልፉ ግን ሁሌም ነበሩ። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በፍርግያ (በዛሬዋ ቱርክ) ሞንታኖስ የሚባል ሰው ከሁለት ሴት ነቢያት፣ ከጵርስቅላና ከማክሲሚላ ጋር ተነሣ። ማክሲሚላ ከእኔ በኋላ ነቢይ አይነሣም፣ የሚመጣው ፍጻሜው ነው ማለቷ ተመዝግቧል። ይኸው ከ1800 ዓመት በላይ ሆነን። እንደ ጠርጡሊያኖስ ያለ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ እንኳ በዚህ እንቅስቃሴ ተስቧል። ስለዚህ «እኔ የተማርኩ ነኝ፣ አልታለልም» አትበሉ።

ሦስት መስመር

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ነገር አየሁ፣ ሰማሁ፣ ተሰማኝ ካላችሁ ለማንም ከመናገራችሁ በፊት ጻፉ። በሦስት መስመር ነው የምትጽፉት። «ያየሁት»፣ «የመሰለኝ»፣ «ላድርግ ያልኩት»። ቀኑንም አስፍሩ።

የመጀመሪያው መስመር ከባዱ ነው። ትርጉም እንዳይገባበት ተጠንቀቁ። «ጌታ ሊፈውሳቸው እንደሆነ አየሁ» ያየነው አይደለም፤ የመሰለን ነው። ያየነው ሥዕል ከሆነ ሥዕሉን ብቻ እንጽፋለን። አንድ ጥቅስ ትዝ ብሎን ከሆነ ምዕራፉንና ቁጥሩን እንጽፋለን። ዝም ብሎ የሰላም ስሜት ከሆነም «ሰላም ተሰማኝ» ብለን እናቆማለን። እኔ ዛሬም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን መስመር ሁለት ሦስቴ እሰርዛለሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጓደኛዬ ቤቴ መጣች። ተጣልተን አናውቅም፣ ተራርቀን ግን ነበር። ስናወራ አምሽተን ድንገት፦

«ቆይ እስቲ፣ ያን ማታ ያየሽው ምን ነበር?» አለችኝ።

ያን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

«አንድ ሽማግሌ» አልኳት። «መስኮት አጠገብ ቆመው ብርድ ልብስ ሲያጥፉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ብርድ ልብሱን አጥፎ የሚነሣ ሰው እኮ ሊሄድ ነው» አለችኝ።

እኔ ታመው የተኙ ሰው ድነው ሲነሡ ነበር የመሰለኝ። «አይሞትም» የሚል ቃል ሥዕሉ ውስጥ የትም አልነበረም። ያ የእኔ ነው። ሥዕሉ ከእግዚአብሔር ይሁን፣ በዚያ ሳምንት የሆነ ቦታ ካየሁት ነገር የተረፈ ይሁን፣ ዛሬም መለየት አልችልም። ግን ብርድ ልብሱን ብቻ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ወንድሟን «ና» ትለው ነበር ይሆናል።

ይህን ክፍተት መጽሐፍ ራሱ ደጋግሞ ያሳየናል። ጴጥሮስ በኢዮጴ ያን ትልቅ ሸማ ሦስት ጊዜ አይቶ ስለ ትርጉሙ አልቸኮለም። ሐዋርያት ሥራ 10 ያየው ራእይ ምን እንደሆነ እያመነታ ሳለ የቆርኔሌዎስ ሰዎች ደጃፉ ላይ ደረሱ ይላል። ትርጉሙን አፍ አውጥቶ የተናገረው ቂሣርያ ገብቶ ሰዎቹን ካየ በኋላ ነው። ሐዋርያው ያመነታበትን እኛ ወዲያው እናውቀዋለን።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመርም እንዲሁ ይለያያሉ። ነቢዩ አጋቦስ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የራሱን እጅና እግር አሰረ። የዚህ ባለቤት በኢየሩሳሌም እንዲህ ይታሰራል አለ። ጳውሎስም ወዳጆቹም የሰሙት አንድ ነገር ነው። ወዳጆቹ «ስለዚህ አትሂድ» አሉ። ጳውሎስ «ስለዚህ ተዘጋጅቻለሁ» አለ። ያው መገለጥ ሁለት ተቃራኒ «ላድርግ» ወለደ።

ናታንንም አትርሱት። ዳዊት ቤተ መቅደስ ልሥራ ሲለው ነቢዩ ወዲያው «በልብህ ያለውን አድርግ፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነው» አለው። በዚያው ሌሊት እግዚአብሔር አረመው። ናታን ሐሰተኛ ነቢይ አልነበረም። እውነተኛ ነቢይ ሆኖ የራሱን ጥሩ ሐሳብ የሰማይ ቃል አስመሰለው። በማግስቱ ተመልሶ መሄዱ ደግሞ ትልቅነቱ ነው።

መጽሐፉ ፊት አቅርቡት፣ ግን በደንብ

ደብተሩ ላይ የሰፈረውን ይዛችሁ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ሂዱ። እዚህ ላይ የተለመደ ጨዋታ አለ። ስልክ ይከፈታል፣ አንድ ቃል ይፈለጋል፣ የሚስማማ ጥቅስ ይገኛል፣ «ተረጋገጠ» ይባላል። ይህ መመዘን አይደለም። ሚዛኑን በአውራ ጣት መጫን ነው። ለ«ሂድ»ም ለ«አትሂድ»ም ጥቅስ አይጠፋም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ትዝ ያለኝ ጥቅስ ካለ ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች አነብባለሁ። ከዚያ ያን የመሰለኝን ነገር የሚያፈርስ ክፍል ሆን ብዬ እፈልጋለሁ። «ይህ ቃል ስህተት ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ የት ላይ ይነግረኝ ነበር?» እላለሁ። ለአይሞትም ትንቢቴ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20 ላይ እደርስ ነበር። ጳውሎስ፣ በጨርቁ ድውያን የተፈወሱለት ጳውሎስ፣ ጥሮፊሞስን ታሞ ሚሊጢን ተውኩት ይላል። በቃ። ምክንያትም አይሰጥም።

ከመጽሐፉ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የምመርጠው ታሪክ 1ኛ ነገሥት 13 ነው። ለምን በስብከት ብዙም እንደማይነሣ አይገባኝም። አንድ የእግዚአብሔር ሰው ከይሁዳ ወደ ቤቴል ይላካል። በመሠዊያው ላይ ይናገራል። የንጉሡ የኢዮርብዓም እጅ ትደርቃለች፣ ሲጸልይለት ትመለሳለች። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ እንጀራ አትብላ፣ ውኃ አትጠጣ፣ በመጣህበት መንገድ አትመለስ። ንጉሡ ቤቴ ግባና ብላ ሲለው የቤትህን እኩሌታ ብትሰጠኝ አልገባም አለ። ጎበዝ! ንጉሥ አላሸነፈውም።

ያሸነፈው ሽማግሌ ነቢይ ነው። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘው። «እኔም እንደ አንተ ነቢይ ነኝ» አለው። መልአክ በእግዚአብሔር ቃል ነግሮኛል፣ ወደ ቤትህ መልሰህ አብላው ብሎኛል አለ። ጽሑፉ ወዲያው «ዋሸውም» ይላል። ሰውየው ተመልሶ በላ። በመንገድ አንበሳ አግኝቶ ገደለው። አንበሳው ሬሳውን አልበላም፣ አህያውንም አልሰበረም። ሁለቱም ሬሳው አጠገብ ቆሙ።

ሰውየው ለማስፈራሪያም ለጥቅምም አልተበገረም። የወደቀው «እኔም እንደ አንተ» በሚል የወንድም ድምፅ ነው። አስቀድሞ በግልጽ የተነገረውን በሌላ ሰው መልአክ ሻረው። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች እኛም ብንሆን፣ የሰማይ መልአክም ቢሆን፣ ከሰበክንላችሁ የሚለይ ወንጌል ቢሰብክ የተረገመ ይሁን ሲል የሚዘጋው ይህንን በር ነው። ራሱንም ጨምሮ እንደሆነ አስተውሉ።

ሁለት የኦሪት ፈተናዎች ደግሞ አብረው ይያዙ። ዘዳግም 18፥22 ነገሩ ካልሆነ እግዚአብሔር አልተናገረውም ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ዘዳግም 13 ግን ይብሳል። ምልክቱ ቢሆንም፣ ቢፈጸምም፣ ሰውየው ወደ ሌላ አምላክ የሚጠራችሁ ከሆነ አትስሙት ይላል። ስለዚህ «የስልክ ቁጥሬን ሳያውቅ ተናገረው» ማለት ምንም አያረጋግጥም። ትክክል መናገርና ከእግዚአብሔር መሆን ሁለት ነገር ነው።

መጽሐፍ ይዞ መሳሳትም እንዳለ ልናገር። አሜሪካዊው ሰባኪ ዊሊያም ሚለር ራእይ አየሁ አላለም። ዳንኤልን ይዞ ሲያሰላ ነበር። ተከታዮቹ ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ጌታን ሲጠብቁ አደሩ። አልመጣም። ስለዚህ «ጥቅስ አለኝ» የሚለውም ይመዘናል።

መጽሐፉ ስለ ጉዳያችሁ ምንም ባይልስ? ይህን ሥራ ልያዝ ወይስ ያንን? ለዚህ ጥቅስ የለም። የለም ማለት ደግሞ ነፃ ናችሁ ማለት ነው። መጽሐፍ ባላዘዘውና ባልከለከለው ነገር ላይ የመጣ የግል ቃል ምክር ሆኖ ይቀራል። ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል። ሕግ ግን አይሆንም። በሞንታኖስ ተከታዮች ዘንድ ችግሩ የከረረው መናገራቸው ላይ ብቻ አልነበረም። አዲስ ጾምና አዲስ ደንብ በሰው ጫንቃ ላይ መጫናቸውም ነበር።

ሰው ፊት አቅርቡት

ብቻውን የሚመዝን ሰው ምን እንደሚደርስበት የበረሃ አባቶችን ትምህርት የጻፈው መነኩሴ ካሲያን ጽፎታል። ሄሮን የሚባል መነኩሴ 50 ዓመት በበረሃ ኖረ። ከወንድሞቹ ጋር ለፋሲካ እንኳ አብሮ መብላት እምቢ የሚል ጾመኛ ነበር። አንድ ቀን መልአክ የመሰለው ነገር ጉድጓድ ውስጥ ዝለል፣ አትጎዳም አለው። ዘለለ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። እስኪሞት ድረስ መታለሉን ሊያሳምኑት አልቻሉም። ችግሩ ጸሎት ማነሱ አልነበረም። የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም።

ትንሹ ሳሙኤል ግን ጠየቀ። ሦስት ጊዜ ተጠራ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ቤቱ የተበላሸ ሽማግሌ ነው። ቢሆንም «ተመልሰህ ተኛ፣ ቢጠራህም ተናገር በል» ብሎ ያስተማረው እሱ ነው። የምታማክሩት ሰው ፍጹም መሆን የለበትም። ፈሪ ግን አይሁን። የእኔ መስፈርት ይህ ነው፤ «አይደለም» ብሎ ሲመልስልኝ የማይጎድልበት ሰው። የእኔን ትንቢት በመቀበል ወንበር፣ ገንዘብ ወይም ጓደኝነት የሚያገኝ ሰው ሊመዝንልኝ አይችልም።

ከማማክራቸው ሁለት ሦስት ሰዎች አንዷን እትዬ ነው የምላቸው። ደብተሬን ሳሳያቸው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ልጄ፣ ይኼ ቃል አንቺን ምን ያስከፍልሻል?» ምንም ካላስከፈለኝ ደብተሩን ይመልሱልኛል። ሉተርም ተመሳሳይ ነገር መክሯል። በ1521 መጨረሻ ከዝዊካው ከተማ የመጡ «ነቢያት» የሉተርን ከተማ ዊተንበርግን ሲያናውጡ፣ ለባልደረባው ለሜላንክቶን ጭንቀትን ቀምሰው ያውቁ እንደሆነ ጠይቃቸው ብሎ ጻፈለት። የሚነግሩህ ሁሉ ጣፋጭ ብቻ ከሆነ አትቀበላቸው አለ።

አውግስጢኖስ ስለ እናቱ ስለ ሞኒካ የጻፈውም ደስ ይለኛል። ስለ ልጇ ጋብቻ ራእይ ለመነች። የሆነ ነገር አየች። ግን አላመነችውም። ከእግዚአብሔር የሚመጣውንና የራሷን ነፍስ ሕልም በቃላት በማይገለጽ ጣዕም እለያለሁ ትል ነበር። ለልጇ ስትነግረውም ያየችውን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ነው። አጥብቃ የፈለገችውን ነገር አይታ «ይህ የራሴ ነው» ማለት ቀላል አይደለም።

ለእናንተ ሲመጣ

አንድ ሰው «ለአንቺ ቃል አለኝ» ብሎ ሲመጣ ማፍጠጥም መስገድም አያስፈልግም። «መንፈስን አታጥፉ፤ ትንቢትን አትናቁ» ያለው ጳውሎስ ወዲያው «ሁሉን ፈትኑ» ይላል። እኔ «አመሰግናለሁ ወንድሜ። ያየኸውን ብቻ መጀመሪያ ንገረኝ፣ ትርጉሙን ቆይተን» እላለሁ። እመኑኝ፣ ግማሹ እዚህ ላይ ይቀልጣል። ከዚያ «እጽፈዋለሁ፣ እጸልይበታለሁ፣ ለሁለት ሰዎችም አሳያለሁ» እላለሁ።

«ለሁለት ሰዎች አሳያለሁ» ስትሉት የሚቆጣ ሰው ካለ መልሳችሁን አግኝታችኋል። «ለማንም እንዳትነግሪ»፣ «ዛሬውኑ ወስኚ»፣ «ካልታዘዝሽ ትቀጪያለሽ»፣ «ገንዘቡን በእኔ በኩል አድርጊው» ሲባልም እንዲሁ። «እንድታገቢኝ ተነግሮኛል» ለሚል ደግሞ የአንዲት እህት መልስ አለ። «ለእኔ ሲነግረኝ እደውልልሃለሁ» አለችው። ይኸው አሥር ዓመቷ፣ አልደወለችም።

የግል ቃል ሌላ ሰው ላይ አዛዥ ሲሆን የት እንደሚደርስ የጀርመኗ ሙንስተር ከተማ አይታለች፤ ነቢያት ነን የሚሉ ሰዎች ይዘዋት በጦር ተከብባ ነበር። መሪያቸው ያን ማቲስ በ1534 ፋሲካ በራእዩ ተማምኖ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከበባውን ሊሰብር ወጥቶ ተገደለ። ተከትሎት የተነሣው ያን ፋን ላይደን ራሱን ንጉሥ አደረገ፣ ብዙ ሚስት ማግባትን በትንቢት አወጀ። ከተማዋ በ1535 ወደቀች። የመሪዎቹ ሬሳ የተሰቀለባቸው ሦስት የብረት ቀፎዎች በቅዱስ ላምበርት ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ዛሬም አሉ። በርናዴት በተቃራኒው እንድነግራችሁ እንጂ እንዳሳምናችሁ አልታዘዝኩም ማለቷ ይነገርላታል። ልዩነቱ እዚች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ።

ቃሉ ደስ የሚል ሆኖ ሲያጠራጥራችሁ የኤርምያስን መንገድ ያዙ። ሐናንያ በሁለት ዓመት ውስጥ የቤተ መቅደሱ ዕቃ ይመለሳል ብሎ ሕዝብ ፊት ተነበየ። ኤርምያስ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» አለ። ምጸት አይመስለኝም፤ እሱም ቢሆንለት ይወድ ነበር። ስለ ሰላም የሚተነብይ ነቢይ ግን ቃሉ ሲፈጸም ይታወቃል ብሎ ጨመረ። ሐናንያ የኤርምያስን ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ ሰበረ። ኤርምያስም መንገዱን ሄደ። አልተደባደበም። መልስ የመጣለት በኋላ ነው።

ሳይሆን ሲቀር

ደብተሩ ላይ ቀን የምታስፈሩት ለዚህ ነው። በዓመት ሁለቴ ወደ ኋላ አገላብጣለሁ። ያልሆነው ላይ «አልሆነም» ብዬ እጽፋለሁ። «በመንፈስ ተፈጽሟል»፣ «እምነታችሁ አንሶ ነው» የሚሉ ማምለጫዎችን ከልክያለሁ። በተለይ ሁለተኛው ጭካኔ ነው። የሞተበትን ሰው ጥፋተኛ ታደርጉታላችሁ።

ከዚያ ወደ ሰውየው ሂዱ። መልእክት አትላኩ። በአካል ካልተቻለ ደውሉ። አጭር ይሁን፤ ያልኩት ይህ ነው፣ አልሆነም፣ ጌታ ያላለውን አለ ብያለሁ፣ ይቅርታ። ስለ ቅንነታችሁ አታብራሩ። በቅንነት እንደሆነ እነሱም ያውቃሉ።

እኔ ይህን ለማድረግ ከጓደኛዬ ጋር ካወራንበት ማታ በኋላም ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ወንድሟ ጋ ደወልኩ። ስሜን ነገርኩት። «አይሞትም የተባለው፣ ያልኩት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር አላለም» አልኩት።

ረጅም ዝምታ ሆነ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«ትኬቱ እስካሁን ኢሜይሌ ውስጥ አለ» አለኝ። «አልሰረዝኩትም።»

ምንም አልመለስኩም። ቆይቶ ስለ አባቱ ማውራት ጀመረ። አርባ ደቂቃ ያህል ሰማሁት። ብርድ ልብሱን አልነገርኩትም።